ከወገብ በላይ

ሜዳው ላይ አሸዋ፣ ከላህ ወንዝ የመጣ፣
በአህያ ተጭኖ ዳገቱን የወጣ፤
ሁለት ቋሚ ግንድ፣ ምስማር የሞላበት፣
የእንጅባራ ቀርከሃ ልሙጥ ተጋድሞበት።
እኔ እንጨት አንሺ ነኝ፣ መዝለሉን አልችልም፤
ስንቴ እንደ ወደቀ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ባንቺአምላክ ሙጬ፣ ዘጠነኛ «ሐ»፣
ጫማዋን አውልቃ አየች ወደ ቀርከሃ።
አንዴ በተረከዝ፣ አንዴ በክርኗ ጣለችው፤
ሦስተኛውን ግን በጎኗ ተንሸራታ አለፈችው።
አንድ ሜትር ከአርባ። ቀርከሃው ብርድ እንደ ነካው ሰው
ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ኋላ ዝም አለ፣ ምስማሩ ቻለው።

መምህር ልየው እጃቸው እስከ ክርን ጠመኔ ነው፤
ፊዚክስ ከክፍል ወጥቶ ካላዩት እንቅልፍ የማይወስዳቸው።
«ይህችው ልጅ፣ ይህንኑ ዝላይ፣ ጨረቃ ላይ ብትዘል?
የዚያ ስበት የእኛን አንድ ስድስተኛ ነው የሚያህል።»

«ስምንት ሜትር ከአርባ!» ጮኸ ሜዳው በሙሉ።
«ኧረ ቀስ! ወገቧስ? እሱንማ አትዝለሉ!
ገና ሳትነሳ ዘጠና ሳንቲም ላይ ነው ወገቧ፤
ያ የእናቷ ስጦታ ነው፣ አይደለም የጥበቧ።
በጉልበቷ ያገኘችው ሃምሳዋን ነው፤ የሚባዛው እሱ፤
ሦስት ሜትር። በሉ ዘጠናውን ደምሩና መልሱ።»

ሦስት ሜትር ከዘጠና።
በአንድ ጊዜ ከሰማይ ወርደን አሸዋው ላይ ተቀመጥን።
መምህሩ አዘኑልን መሰለኝ፤ ሌላ ሒሳብ ሰጡን።
«ከፍታውን ተዉት፤ ቆይታዋን እዩ።
እዚህ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው አየር ላይ ያለችው፤
እዚያ ግን አራት ሰከንድ ሊሞላት ትንሽ ነው የሚቀረው።
አራት ሰከንድ! ሰው ስሙን ከነአያቱ ይጠራበታል።»
ባንቺአምላክ ከፀጉሯ አሸዋ እያራገፈች፣
«ባንቺአምላክ ሙጬ አትንኩት» ብላ በለሆሳስ ለካች።

ማታ አብረን ገባን፤ ጎረቤት ነን፣ አጥራችን አንድ ነው።
አያ ሙጬን ከእህል በረንዳ መጥቶ እግሩን ሲታጠብ አገኘነው።
ኩንታል ተሸካሚ ነው፤ ትከሻው ላይ ጆንያው የሄደበት
እንደ ከብት መንገድ ተጎድጉዷል፣ ሣር እንዳይበቅልበት።

የቀኑን ሁሉ ነገረችው። እግሩን ከሳፋው ሳያወጣ፣
«እዚያ ኩንታል ስንት ይመዝናል?»
«አስራ ስድስት ኪሎ ተኩል ግድም።»
«ጤፉስ? ፍሬው ይቀንሳል?»
«አንዲት ፍሬ አይቀንስም።»
«ታዲያ ለወዛደር የሚከፈለው በጆንያ ነው በኪሎ?»
ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ጥያቄው የምሩን ነበር።

«ግን አባ፣ ተሸክመህ ከሮጥህ ለማቆም እዚያም ያው ነው፤
ሲነሳ ይቀላል እንጂ፣ ሲገፋህ ሙሉ ኩንታል ነው።»
«እሱንስ አውቀዋለሁ» አለ፤ «ዝናብ የመታው ሳንቃ ላይ
ከመኪና ስወርድ፣ ጉልበቴን የበላኝ ክብደቱ እንዳይመስልሽ፤
አልቆምም ማለቱ ነው።»
ይህን መምህር ልየው ቢሰሙት ጠመኔያቸውን ይሰጡት ነበር።

«መውረዱስ?»
«ከጭነት መኪና ብትዘል፣ ከበራፍ ደፍ እንደ መውረድ።»
ዝም አለ። ውሃውን ደፋ።
ጨረቃ ከጎረቤት ቆርቆሮ በላይ ብቅ ብላ ነበር፣
ሙሉ አልነበረችም፤ ጫፏን የተቆረሰች ድፎ ትመስል ነበር።

ልጅቱ ገባች። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ቀረሁ።
አያ ሙጬ ግራ ቀኙን አየ፤ ማንም የለም ብሎ ነው፤
ጋቢውን ግንድ ላይ ጣለ፣ ጉልበቱን አጠፈ፤
ቋ! አለ አንዱ፣ ቋ! አለ ሌላው፣
ዘለለ።

አራት ጣት። ከዚያ አይበልጥም፤ ዓይኔ ለዚህ የተሠራ ነው።
አራት ጣት በስድስት፣ እዚያ አንድ ክንድ ይሆናል።
ወገቡን አልደመርኩም።
ወገቡ የጆንያው ነው።